መቅጃው ዝም ካለ ፖርፖይዞቹ ሄደዋል ማለት ነው?

አንድ አንባቢ የሚከተለውን ጠይቀውኛል፦ «በጃፓን የሴቶ ውስጠ ባሕር ስለሚኖሩ ፖርፖይዞች የድምፅ ክትትል አንድ ዘገባ አነበብኩ። ግራፉ ላይ ብዙ ባዶ ቀናት አሉ። መቅጃው ምንም ካልሰማ እንስሳቱ ቦታውን ለቀዋል ማለት ነው? ከድምፅ ብቻ ስንት እንደሆኑ ማወቅስ ይቻላል? እርስዎ አንድ መሣሪያ ብቻ ቢኖርዎት የት ያስቀምጡታል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ አጭሩ መልስ «የግድ አይደለም» ነው። ረጅሙ መልስ ግን ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ባዶ ቀን ለምን ባዶ እንደሆነ ያልገባው ሰው የሞላውንም ቀን በትክክል አያነበውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ለምን ድምፅ ተመረጠ? በሴቶ ያለው ፖርፖይዝ ጃፓኖች ሱናመሪ የሚሉት ነው። የዶልፊን ዘመድ ነው፤ ግን ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። ቆዳው ግራጫ ነው። አድጎ እንኳ ሁለት ሜትር አይሞላም። ከውሃ ወጥቶ ሲዘል ማየት ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ወይም ሁለት ሦስት ሆኖ ይመጣል፣ ለመተንፈስ ጀርባውን ብቅ ያደርጋል፣ ወዲያው ይጠልቃል። ትንሽ ሞገድ ካለ ዓይንዎ ሥር ሆኖ ያመልጥዎታል።

ባሕሩም ለዓይን አይመችም። ሆንሹ፣ ሺኮኩና ኪዩሹ የሚባሉት ደሴቶች ከበውታል። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ700 በላይ ትንንሽ ደሴቶች አሉበት። በየመተላለፊያው የጭነት መርከብ፣ የመንገደኛ ጀልባና የዓሣ መረብ ሞልቷል።

በዓይን የተሠራው ሥራ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ስለ ሱናመሪ የምናውቀው አስደንጋጩ ነገር የመጣው ከዓይን ነው። ከ1976 እስከ 1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች በመንገደኛ ጀልባዎች እየተሳፈሩ ያዩትን ቆጠሩ። በ1999 እና በ2000 ሥራው ተደገመ። በባሕሩ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል እንስሳቱ እጅግ አሽቆልቁለው ተገኙ። በዚያው በ2000 ከአውሮፕላን የተደረገ ቆጠራ ደግሞ ለመላው ባሕር ወደ 7,600 የሚጠጋ ግምት ሰጠ። ዓይን ግን የሚሠራው በቀን ነው፤ ያውም ውሃው ሲረጋ። ሌሊቱንና ነፋሻውን ሳምንት አያውቀውም። መቅጃው የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ሱናመሪ የሚኖረው በማሚቶ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ አጭር ጠቅታ ይፈጥራል፣ በግንባሩ በኩል ወደፊት ይለቃታል፣ ከዓሣ ወይም ከባሕሩ ወለል ነጥራ ስትመለስ ይሰማታል። ውሃው ደፍርሶ ምንም በማይታይበት ቦታ ዓሣ የሚያገኘው በዚህ ነው። የጠቅታዋ ድግግሞሽ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት መጠን፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) 125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያቆማል። ከእንስሳው ጎን ቢዋኙ እንኳ ጠቅታውን አይሰሙትም።

እንዲህ ቀጭን የሆነ ድምፅ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በጨው ውሃ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ቶሎ ይሞታል። በዚህ ድግግሞሽ ውሃው ራሱ በየኪሎ ሜትሩ 40 ዴሲቤል ገደማ ይውጣል። ይህ ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አሥር ሺኛ ይወርዳል፤ ያውም ድምፁ ሲሰራጭ የሚሳሳው ሳይቆጠር ነው። የትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ወፍራም ድምፅ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። የፖርፖይዝ ጠቅታ ግን ጥቂት መቶ ሜትር ሄዳ ታልቃለች። በዚያ ላይ ጠቅታዋ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ጠባብ ናት፤ እንስሳው ወደዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የምትሄደው። ጀርባውን ሰጥቶ ከሆነ ቅርብም ሆኖ ላይሰማ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። መቅጃው ባሕሩን አያዳምጥም። በዙሪያው ያለችውን ትንሽ ክብ ነው የሚያዳምጠው። 450 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ባሕር ውስጥ ያች ክብ ከነጥብ አትበልጥም። «ዛሬ አልተሰማም» ሲባል እንስሳው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ሌላ ምክንያት አለ፤ «ምናልባት ዝም ብለው እየዋኙ ይሆናል» የሚል። ይህኛው ብዙም አያሳምነኝም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ቶሞናሪ አካማትሱና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። ቻይና ውስጥ በሚኖሩ የሱናመሪ የቅርብ ዘመዶች ጀርባ ላይ ትንንሽ መቅጃዎች ለጥፈው እንስሳቱን ተከታተሉ። እንስሳቱ እስከ 77 ሜትር ድረስ ከፊታቸው ያለውን ይመረምራሉ። ከዚያ የመረመሩት ውሃ ውስጥ ዝም ብለው ይገባሉ፤ ዝምታው ግን ብዙውን ጊዜ 20 ሜትር እንኳ አይዘልቅም። ተመልሰው ጠቅ ይላሉ። ለእንስሳው ይህ መንገዱን የሚያይበት ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሊተወው አይችልም። ስለዚህ «ዝም ብሎ አለፈ» የሚለው ለጥቂት ሰከንዶች ያስኬዳል፤ ሙሉ ባዶ ቀንን ግን አያብራራም።

ታዲያ ባዶ ቀን ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው መሣሪያውን ነው። እንስሳው ሁለተኛ ነው የሚመጣው። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ጸጥ ያለ ቦታ አይደለም። ጥፍራቸውን ገጥመው የሚያጮኹ ትንንሽ ሽሪምፖች አሉ፤ ድምፃቸው መጥበሻ ላይ ዘይት ሲንጣጣ ይመስላል፣ እስከ ከፍተኛ ድግግሞሽም ይደርሳል። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሲቀያየር ደግሞ ውሃው በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ይሮጣል። በኩሩሺማ መተላለፊያ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ሲሮጥ አሸዋውን ያንቀሳቅሰዋል። የአሸዋ ቅንጣቶች ሲጋጩ የሚያወጡት ድምፅ ከፖርፖይዝ ጠቅታ ጋር በአንድ የድግግሞሽ መስመር ላይ ይወድቃል።

አሁን መሣሪያው ይህን እንዴት እንደሚያስተናግድ እንይ። ወራት የሚቆዩት አብዛኞቹ መቅጃዎች ድምፁን እንዳለ አያስቀምጡም። እያንዳንዷ ጠቅታ መቼ እንደመጣች፣ ምን ያህል እንደጮኸች፣ ምን ያህል እንደቆየች ብቻ ይመዘግባሉ። ባትሪውና ማኅደረ ትውስታው ወራት እንዲበቃ ሲባል ነው። ለምሳሌ ሲ-ፖድ የሚባለው መሣሪያ እንደተለመደው አሠራሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 4,096 ጠቅታ ከመዘገበ በኋላ እስከሚቀጥለው ደቂቃ ድረስ መመዝገቡን ያቆማል። የሚያወራው አሸዋም ይሁን ሽሪምፕ፣ ለእሱ ሁሉም ጠቅታ ነው። ደቂቃው በገባ በ15 ሰከንድ ኮታው ከሞላ፣ በቀሩት 45 ሰከንዶች መሣሪያው ደንቁሯል ማለት ነው። ያኔ ፖርፖይዝ አጠገቡ ቢያልፍም አያውቅም።

ይህን ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ባዶ የሚሆን መረጃ ደረሰኝ። ሰዓቱ ከሙላቱና ከጉድለቱ ጋር ይገጥማል። እንስሳቱ ፍሰቱን ተከትለው እየወጡ እየገቡ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ጥሩ ታሪክ ይመስል ነበር። በኋላ መሣሪያው በየደቂቃው ስንት ሰከንድ እንዳዳመጠ ስመለከት፣ ባዶዎቹ ሰዓታት ኮታው የሞላባቸው ሰዓታት ሆነው አገኘኋቸው። የእንስሳቱን ባሕርይ ብዬ የጻፍኩት የአሸዋውን ባሕርይ ነበር። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ የማዳመጫ ሰዓቱን ሳላይ ግራፍ አላምንም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የባሕር ቅርፊቶች በሃይድሮፎኑ (ውሃ ውስጥ በሚሰማው የመሣሪያው ማይክሮፎን) ላይ ይበቅላሉ፤ ጆሮው ይደፈናል። የሚጎተት መረብ መሣሪያውን ይገለብጠዋል ወይም ይዞት ይሄዳል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መሣሪያዎች እንኳ እኩል ላይሰሙ ይችላሉ። የተገላቢጦሹም አለ። ዓሣ መፈለጊያ የገጠመች ጀልባ ስታልፍ መሣሪያው ፖርፖይዝ መጣ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ይህን መለየት ግን አይከብድም። የማሽን ምት እንደ ሰዓት እኩል ነው። ፖርፖይዝ ሕይወት ያለው ስለሆነ በጠቅታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀስ በቀስ ይጠባል፣ ይሰፋል።

ይህ ክፍተት ለእኔ የመረጃው ሁሉ ልብ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 77 ሜትር ርቆ ያለን ነገር ነክቶ ለመመለስ 154 ሜትር መሄድ አለበት፤ ይህ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ፖርፖይዝ በአብዛኛው የቀደመችው ጠቅታ ማሚቶ ሳይደርሰው ቀጣዩን አይለቅም። እንግዲህ ክፍተቱን ከለካን፣ እስከ የት ድረስ እያየ እንደሆነ ጣሪያውን እናውቃለን። ክፍተቱ 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ ትኩረቱ ከ15 ሜትር አይርቅም። ክፍተቱ እየጠበበ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሲወርድና ጠቅታዎቹ በሰከንድ በመቶዎች ሲሆኑ፣ አንድ ነገር አፉ ሥር ደርሷል ማለት ነው። ድምፁን እንዳለ የሚቀዳ መሣሪያ ተጠቅመን በኮምፒውተር አዝግመን ብንሰማው፣ «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» የነበረው ወደ «ዝዝዝዝ» ይቀየራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም በማያየው ውሃ ውስጥ፣ አንድ እንስሳ ዓሣ ሲያሳድድ በሚሊሰከንድ ተጽፎ ማግኘት እስካሁን ያስደንቀኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፖርፖይዞች እርስ በርስ ለመግባባትም ፈጣን ጠቅታ ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ዝዝዝ» ሁሉ ምግብ አይደለም።

በሴቶ ይህ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ኢካናጎ የሚባል ቀጭን ዓሣ አለ። ሱናመሪ ይበላዋል። ኢካናጎ በሞቃቱ ወራት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። ለግንባታ ሲባል ግን ከዚህ ባሕር ወለል ለአሥርተ ዓመታት አሸዋ ሲወጣ ኖሯል። ሂሮሺማ በ1998 ከለከለች፤ ሌሎቹ ግዛቶችም ተከተሉ። በዚያው በሂሮሺማ፣ በታኬሃራ ከተማ አቅራቢያ፣ ሱናመሪ የሚሰበሰብበት የባሕር ክፍል በ1930 የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። አጥማጆች ሱናመሪው ኢካናጎን ሲያሳድድ እያዩ ከሥር የሚመጡትን ትልልቅ ዓሦች ያጠምዱ ነበር። ቅርሱ በወረቀት ላይ አለ፤ ያ የዓሣ ማጥመድ ዘዴ ግን ቀርቷል። መረብና ብክለትም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ጥፋቱን ሁሉ በአሸዋው ላይ አልጭንም። ቢሆንም «እንስሳው እዚህ አለ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «እዚህ ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ባሕር ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚያ መልስ የሚሰጠው ክፍተቱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ስንት ናቸው? ተራ መቅጃ የሚቆጥረው ደቂቃ ነው እንጂ እንስሳ አይደለም። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ አለው። ፖርፖይዝ የተሰማባት ደቂቃ አንድ ተብላ ትመዘገባለች። አንድ እንስሳ ለግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቢያጠምድ 30 ደቂቃ ይሞላል። አሥር እንስሳት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢያልፉ አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዘገባው «እንቅስቃሴው በእጥፍ ጨመረ» ካለ፣ «እንስሳቱ በእጥፍ ጨመሩ» ብለው እንዳያነቡት።

መውጫ መንገዶች አሉ። ኤ-ታግ የሚባለው የጃፓን መሣሪያ ሁለት ሃይድሮፎኖች ጎን ለጎን አሉት። ጠቅታዋ ለአንዱ ቀድማ፣ ለሌላው ዘግይታ ትደርሳለች። ከዚያች ትንሽ ልዩነት አቅጣጫው ይገኛል። ሁለት እንስሳት ከተለያየ አቅጣጫ ከመጡ ሁለት መስመር ሆነው ይታያሉ። ከመርከብ ኋላ እየጎተቱ ሲሄዱ እንዲህ መቁጠር ይቻላል።

ከዚያ ከፍ ያለው ሥራ በባልቲክ ባሕር የተደረገው ነው። እሱም በየብስ የተከበበ ባሕር ነው፤ የሚኖርበት ግን ክንፍ ያለው ሌላ የፖርፖይዝ ዝርያ ነው። ሳምባህ በተባለው ፕሮጀክት ስምንት አገሮች ተባብረው፣ ከ2011 እስከ 2013 በ304 ቦታዎች መቅጃ አስቀመጡ። አንድ እንስሳ ስንት ጊዜ ጠቅ እንደሚል፣ መሣሪያው ከየትኛው ርቀት እንደሚሰማው ለብቻው ተለካ። ከዚህ ሁሉ ሒሳብ የወጣው ግምት ወደ 500 የሚጠጋ ነበር። የግምቱ ወሰን ግን ከ100 በታች ጀምሮ ከ1,000 በላይ ይዘረጋል። ያ ሁሉ ድካም ይህን ያህል ሰፊ መልስ መስጠቱ ያሳዝን ይሆናል። እኔ ግን ትልቁ ውጤት ሌላ ነው እላለሁ። እንስሳቱ በሚወልዱበት የበጋ ወቅት ከጎትላንድ ደሴት በስተደቡብ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች እንደሚሰበሰቡ ታወቀ። ማንም አይቶ ያላወቀው ነገር ነበር። ስዊድን በ2016 ቦታውን የተጠበቀ አደረገችው። ቁጥሩ ሰፊ ቢሆንም ካርታው ግልጽ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ አያስፈልግም። በሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቫኪታ የምትባለው ፖርፖይዝ በ46 መቅጃዎች በየዓመቱ ተደመጠች። መሣሪያዎቹ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይመለሱ ነበር። ከ2011 እስከ 2015 ድምፁ በዓመት በአማካይ በ34 በመቶ ቀነሰ። ስንት እንደቀሩ ሳይቆጠር፣ በመረብ እያለቁ መሆናቸውን ማንም ሊክደው አልቻለም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የሚመለሰው። አንድ መሣሪያ ብቻ ቢኖረኝ በጣም ብዙ ከሚሰሙበት ቦታ አላስቀምጠውም። ሰው ሁሉ የሚመርጠው እሱን ነው፤ ግራፉ ያምራል። ነገር ግን እንስሳት ቁጥራቸው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚለቁት ዳር ዳሩን ነው። ምርጡ ቦታ እስከ መጨረሻው ድረስ ሞልቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዴ ከሚሰሙበት፣ አንዳንዴ ከማይሰሙበት መካከለኛ ቦታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በሴቶ መካከለኛ ክፍል፣ ኢካናጎ ሊቀበርበት የሚችል አሸዋ አጠገብ፣ ከጠባቦቹ መተላለፊያዎችና ከኃይለኛው ፍሰት ግን ራቅ ብሎ።

ከዚያ ቦታውን አልቀይርም። ጥልቀቱንም አልቀይርም። መሣሪያውን ለማጽዳትና ባትሪ ለመቀየር ባወጣሁት ቁጥር፣ የታወቀ መጠን ያለው ሰው ሠራሽ ጠቅታ እያሰማሁ ጆሮውን እፈትናለሁ። በየደቂቃው ስንት ሰከንድ እንዳዳመጠም ከመረጃው ጋር አብሬ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ አይነግረኝም፤ ወቅቱ እንዴት እንደሚዞር ብቻ ነው የሚያሳየው። አምስተኛው ዓመት ላይ ባዶ ቀናት ከበዙና መሣሪያው በእነዚያ ቀናት ጆሮው ደህና እንደነበር ካረጋገጥኩ፣ ያኔ ለጥያቄዎ «አዎ፣ ከዚህ ቦታ ሄደዋል» ብዬ እመልስልዎታለሁ።